ወፍጮና ብርዕ በሐይቅ ገዳም

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ በስተቀኝ ሐይቁ ይታያል። ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር የሚገባበት፣ ድሮ ግን በታንኳ ብቻ ይደረስበት የነበረው ደሴት ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ስለዚህ ገዳም ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የነገሥታት ጉዳይ ነው፤ ይኩኖ አምላክን ማን አነገሠው፣ ሲሶው መሬት ለማን ተሰጠ የሚለው ክርክር። እዚህ የሚነሣው ከዚያ ዝቅ ያለ፣ ነገር ግን ለተራው ክርስቲያን የሚቀርብ ጉዳይ ነው። ገዳሙ “ለምን እኖራለሁ?” ብሎ ለመጣ ሰው የራሱ አያያዝ ነበረው፤ ቁጭ አድርጎ ከማስረዳት ይልቅ ሥራ ይሰጠው ነበር። ዛሬ ብዙ መንፈሳዊ መጻሕፍትና ስብከቶች የሕይወትን ዓላማ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ልቡን መርምሮ የሚያገኘው ነገር አድርገው ያቀርቡታል። በደቡብ ወሎ የክርስትና ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ግን ዓላማ ከሌላ ሰው እጅ፣ ከአበምኔት ወይም ከማኅበር፣ የሚቀበሉት አደራ መሆኑ ነው፤ ምንነቱም የሚገባው አደራውን ለዓመታት ከተሸከሙት በኋላ ነው። ይህ አባባል ቀላል አይደለም፤ የሚቃወሙት ማስረጃዎችም አሉ፤ እነሱንም እያነሣን እንሂድ።

የገዳሙን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ትውልዳቸው ዳህና ነው። ገድላቸው እንደሚለው በወጣትነታቸው ወደ ትግራይ ተሻግረው በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ሥር መነኮሱ፤ እዚያም ከጸሎቱና ከጉልበት ሥራው ጋር መጻሕፍት ሲገለብጡ ዓመታት አሳለፉ። ወደ ሐይቅ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከእሳቸው በፊት የነበረ ቢሆንም ደሴቱ የመነኮሳትና የተማሪዎች መናኸሪያ የሆነው በእሳቸው ዘመን ነው። ከዚያ ተምረው ከወጡት አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ ወርደው በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ፤ ሌላው አቡነ ኂሩተ አምላክ በጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስን አቀኑ። ሐይቅ ለእነዚህ ሰዎች ከሰጣቸው ነገር ትልቁ ድርሻ የብርዕ ሥራ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ይህ ሥራ ምን ይጠይቅ እንደነበር ጠጋ ብሎ ማየት ይበጃል። የፍየሉ ቆዳ ይነከራል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋና ስቡ በመፋቂያ ይፋቃል፣ ፀጉሩ ይላጫል፣ በድንጋይ እየታሸ ይለሰልሳል። ሲደርቅ በወስፌ ነጥብ እየተወጋ መስመር ይሰመርለታል። ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻና አርሮ ከተቆላ እህል ተበጥብጦ ለረጅም ጊዜ እንዲብላላ ይተዋል፤ ቀዩ ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ይጠበቃል። ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል፤ በዶለዶመ ቁጥር እንደገና ይቀረጻል። ጸሓፊው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከቅጂው አንዲት ፊደል ሳያዛንፍ ይገለብጣል። የሚጽፈው የራሱ ሐሳብ አይደለም፤ ሲጨርስም መጽሐፉ የእሱ አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ ስሙም አይጻፍበት። በእኛ ዘመን ሚዛን እንዲህ ያለ ሥራ ራስን ማጣት ነው። በሐይቅ ግን ሰው የሚሠራው በዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ እንደተሰጠ በራሱ ላይ ማስታወሻ የተጻፈበት የሐይቁ ወንጌል እስከ ዛሬ ድረስ አለ፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በሕይወት ሳሉ የተሣለ ምስላቸው በውስጡ ይገኛል፤ ለገዳሙ የተበረከቱ መጻሕፍት ዝርዝርም ሰፍሮበታል። አንድ አበምኔት ከሞተ ከ700 ዓመት በላይ ቆይቶ ስለ ኑሮው የሚመሰክርለት መጽሐፍ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

ሁለተኛው ማስረጃ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ናቸው። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ወደዚሁ ገዳም የገቡ የካህን ልጅ ናቸው። ገድላቸው እንደሚተርከው ልጁ ትምህርት አልገባ አለው። መምህሩ ተስፋ ቆርጠው ለአባቱ መለሱት፤ አባትየውም “ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን አልቀበልም” ብሎ እንደገና ሰደደው። ገዳሙም አላባረረው፤ ወፍጮ ሰጠው። ለመነኮሳቱ እህል እየፈጨ፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ዓመታት አለፉ፤ ከዚያ በኋላ እሷ የሕይወት ጽዋ አጠጣችው፣ አእምሮው ተከፈተ ይላል ታሪኩ። በኋላ እኚህ ሰው አርጋኖንን ደረሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1424 መጽሐፈ ምሥጢርን ፈጸሙ፣ እስከ ዛሬ ድረስ በየደብሩ በሌሊት የሚቆመውን ሰዓታት አዘጋጁ። ሰባኪዎች ይህን ታሪክ ሲናገሩ ተአምሩ ላይ ይቆማሉ፤ ጽዋው እንዴት እንደተጠጣና ዕውቀቱ እንዴት እንደፈለቀ ይተርካሉ። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ተአምሩ ወፍጮውን ቀድሞ አልመጣም። ልጁ መጠሪያው ምን እንደሚሆን፣ ስጦታው የት እንዳለ ሳያውቅ፣ የዚያን ቀን የሚያስፈልገውን ዱቄት ያደርስ ነበር። ገዳሙም “አንተ ለዚህ አልተፈጠርክም” አላለውም፤ ለዚህ ባይፈጠር እንኳ ለሌላ ሊበቃ ይችላል የሚል እምነት የነበረው ይመስላል። ሰዓታት የደረሰ ሰው የቀኑንና የሌሊቱን ሰዓት መክፈል የተማረው እህል በሚሰፍርበትና መጅ በሚገፋበት ቦታ ነው ብል ከገድሉ ብዙ አልራቅኩም።

እዚህ ላይ የታሪክ ተመራማሪው ጣልቃ መግባቱ አይቀርም፤ መግባትም አለበት። ገድላት የተጻፉት ባለ ገድሎቹ ካረፉ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ አንዱ ገዳም ከሌላው ጋር በሚፎካከርበት ጊዜም ነው። የሐይቅ ወገን ኢየሱስ ሞዓን የተክለ ሃይማኖት አባት ያደርጋል፤ የደብረ ሊባኖስ ወገን ነገሩን አዙሮ ቆብና አስኬማውን በኋላ ለኢየሱስ ሞዓ የሰጡት ተክለ ሃይማኖት ናቸው ይላል። ይኩኖ አምላክን ለማንገሥ ረድቷል የሚባለውም በሐይቁ ትረካ አንዱ፣ በሸዋው ሌላው ነው። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመው ጥናታቸው እነዚህን ትረካዎች እየፈተሹ ክብደቱን ወደ ሐይቅ ያደላደሉት በምክንያት ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ምንጭ ስለ ሕይወት ዓላማ ምን ያስረዳናል? ስለተፈጸመው ድርጊት ሲሆን በጥንቃቄ እንቀበለዋለን፤ ማኅበረሰቡ ምን ያከብር እንደነበር ለማወቅ ግን ከገድል የተሻለ ምስክር የለም። አንድ ገዳም የታላቁን ደራሲውን ልጅነት ሊያስጌጥ ቢፈልግ ሕልምና ብርሃን፣ ንጉሣዊ ዘርና ገና በሕፃንነት የታየ ጥበብ ሊያቀርብ ይችል ነበር፤ ለሌሎች ቅዱሳንም እንዲህ ያደረጉ ብዙ ገድላት አሉ። እዚህ ግን የመረጡት ከትምህርት የወደቀና ወፍጮ ላይ የተመደበ ልጅ ነው። ትረካው ቢጨመርበትም ቢቀነስበትም፣ የተረኩት ሰዎች ሚዛን ከዚህ ምርጫ ይነበባል። የሐይቁ ወንጌል ብራና ደግሞ ማንም የማይክደው ማስረጃ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የሥልጣን ነው። የሐይቅ አበምኔት ዓቃቤ ሰዓት የሚል ማዕረግ ነበረው፤ ይህም በመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ሹመቶች አንዱ ነበር። ገዳሙ ጉልት ነበረው፤ መነኩሴው ብራና ሲፍቅ የሚበላውን የሚያርሰው ጢሰኛ ከደሴቱ ማዶ ነበር። ፍቱሕ አል ሐበሻ የተባለው የኢማም አሕመድ ዘመቻ ታሪክም ሠራዊቱ ወደ ሐይቁ በደረሰ ጊዜ ደሴቱ ላይ ብዙ ሀብት እንደነበር፣ መነኮሳቱም ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠልባቸው ያንን ሀብት እንዳስረከቡ ይናገራል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ስለ አገልግሎት የሚነገረው ነገር የባለ ርስት ጨዋታ አይደለምን? ሊባል ይችላል። በከፊል እውነት ነው፤ ጢሰኛው የተሸከመው ሸክም በምርጫው የተቀበለው አደራ አልነበረም፤ የእሱን ላብ “አገልግሎት” ብሎ መጥራት ማላገጥ ይሆናል። የአደራው ሐሳብ የሚሠራው አደራ ሰጪውም ራሱ በዚያው ሥርዓት ሥር ሲሆን ነው። በደሴቱ ውስጥ እንዲያ ነበር፤ አበምኔቱም ከተማሪው ጋር በዚያው ሌሊት ይቆማል፣ በዚያው ጾም ይውላል። ከሐይቁ ማዶ ግን ግንኙነቱ የጌታና የገባር ነበር። ስለዚህ የሐይቅን ትምህርት ስናደንቅ ድንበሩንም አብረን ማየት አለብን፤ ድንበሩ የውኃው ዳር ላይ ነበር።

ከዚህ ድንበር የከፋው ነገር የሆነው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ ነው። ግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ሆነው ጉባኤ ጠሩ። የመጀመሪያው አጀንዳ የክርስቲያኖቹ የራሳቸው ክርክር ነበር፤ ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነቦ የሸዋዎቹ የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። ቀጥሎ የመጣው አዋጅ ግን ወሎን ለትውልድ የነካ ነበር፤ ሙስሊሞች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዘ። ከወሎ ገዢዎች ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ የክርስትና አባታቸውም ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ፤ አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተብለው ምኒልክን የክርስትና አባት አደረጉ። ብዙው ሰው አልተቀበለም፤ እንደ ሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉ ዑለማ አመፁ፤ ሌላው ቀን ቤተ ክርስቲያን ስሞ ማታ ቤቱ ሰገደ። የወሎ ክርስቲያን ጸሓፊ ይህን ምዕራፍ ዘልሎ ስለ እምነትና ስለ ዓላማ ቢጽፍ አንባቢው አይምረውም። ለእኔም ክርክር ዋናው ፈተና ይህ ነው፤ ዓላማ ከሌላ እጅ የሚቀበሉት አደራ ከሆነ፣ ንጉሡስ በአዋጅ ቢሰጥ ምን ችግር አለው? ልዩነቱ ግልጽ ነው። ለጊዮርጊስ ወፍጮውን የሰጠው ገዳም አብሮት የሚበላ፣ አብሮት የሚጾም ነበር፤ ልጁም መሄድ ሲችል የቆየ ነው። የቦሩ ሜዳው ጥምቀት ግን የመጣው ከጦር ጋር ነው። ያለ ፈቃድ የተጫነ ክርስትና ለተጠማቂው ስም ሰጠው እንጂ የሚኖርለት ነገር አልሰጠውም። በአንጻሩ በዚያው ቦሩ ሜዳ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በወንጌላውያን ሚሲዮን የተጀመረው ሆስፒታል ማንም የሚሸሻቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ያክም ነበር። ጉባኤውንና ሆስፒታሉን አንድ ሜዳ ማገናኘቱ አጋጣሚ ነው፤ ለክርክሩ ግን ከብዙ ገጽ ይበልጥ ይጠቅማል።

ገዳሙም ቤተ መንግሥቱም የሌላቸው ሰዎች፣ ማለትም አራሹ፣ ሸማኔው፣ ባለ ሱቁ፣ ያንን የአደራ ሥርዓት የወረሱት በጽዋ ማኅበር ነው። ይህ ነገር የመላው ኢትዮጵያ ነው፤ በደሴና በአካባቢው ግን ሕያውነቱ ጎልቶ ይታያል። አሥራ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በአንድ ቅዱስ ስም ይሰበሰባሉ፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም እየተባለ በየወሩ ተራ በተራ ይደግሳሉ። ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ካህኑ ይባርካል፣ ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ሥርዓቱን ይመራል። መጨረሻ ላይ ጽዋው ከጨረሰው ባለ ተራ እጅ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ ተቀባዩ ተነሥቶ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ማኅበርተኞቹም እስከ ቤቱ ይሸኙታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰው ለአንድ ወር ዓላማ አለው፤ እህሉን ማስፈጨት፣ ጌሾውን መውቀጥ፣ የተጣላ ማኅበርተኛ ካለ ጽዋው ሳይደርስ ማስታረቅ። የታመመ ይጠየቃል፤ የሞተ ይቀበራል፤ ባልቴቷ ተራዋ ሲደርስ አቅም ካነሳት ሌሎቹ ይሞሉላታል። ማንም “የሕይወትህ ጥሪ ይህ ነው” ብሎ አልሰበከለትም። ለዚህ ሰው “ለምን ትኖራለህ?” ቢሉት ሳቅ ሊመጣበት ይችላል፤ የሚቀጥለው ወር ጽዋ ግን እሱ ቤት ነው። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያንን ከጉልቷ ሲነቅላት ማኅበሩ ያልፈረሰው ጉልት ስላልነበረው ነው፤ የተመሠረተው በሰዎች ተራ ላይ ነበር።

ይህ ሁሉ ክርስቲያናዊ የሚባለው በምኑ ነው? የሚል ጥያቄ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ በቃሉና በደጋን በኩል፣ ይበልጥ ይበረታል። እዚያ ሙስሊሙ ብዙኃን ነው። ቃሉ ውስጥ ሐጂ ቡሽራ ያቋቋሙት የገታ የእስልምና ትምህርት ማዕከል አለ፤ እዚያም ደረሳ የሚባለው ተማሪ ከቤቱ ርቆ፣ ምግቡን ከመንደር እየለመነ፣ ሸኹን እያገለገለ ኪታብ ይቀራል። ከቆሎ ተማሪው ኑሮ ጋር ያለው ዝምድና ዓይን ይስባል። ወዳጃ በሚባለው የጸሎት ስብሰባ ላይ ቡና ተፈልቶ ዱዓ ሲደረግም ጎረቤት ይጠራል፣ የተጣላ ይታረቃል። አንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ ገብሬ ሌላው ሙሐመድ የሚባልበት አገር ነው፤ ሐዘኑና ሰርጉ ይደባለቃል። በእኔ እምነት ይህ ዝምድና ክርክሩን አያዳክመውም። አደራ መቀበል፣ መምህርን ማገልገል፣ ተራ መጠበቅ የሰው ሁሉ ነው፤ ወሎም ይህን በሁለት ሃይማኖት ቋንቋ ተናግራዋለች። የክርስቲያኑ የተለየ ድርሻ አገልግሎቱን ከማን ጋር እንደሚያያይዘው ነው። በጸሎተ ሐሙስ አገልጋይ ካህን ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር ያጥባል፤ ጌታ ራሱ የደቀ መዛሙርቱን እግር ስላጠበ። በቅዳሴው የሚሰጠው ቁርባን፣ በማኅበሩ የሚሻገረው ጽዋ፣ በሥዕሉ ፊት የሚያለቅሰው ልጅ ከዚያ ከሰጪው አምላክ ይነሣሉ። ሰው ትንሹን ሥራ የሚያከብረው ትልቁ ዝቅ ስላለለት ነው። ሙስሊሙ ጎረቤቱ ይህን አይልም፤ በሌላ መሠረት ወደ ተመሳሳይ ትጋት ይደርሳል። በደጋን መንገድ ላይ የሚኖር ክርስቲያን ይህን ልዩነት ከአዲስ አበባው ይልቅ አጥርቶ የሚያውቀው ብዙኃን ስላልሆነ ነው፤ እምነቱ በልማድ ብቻ አይሸከመውም።

በዚሁ መንገድ ላይ ሌላ ተቃውሞ ይጠብቀናል፤ እሱም ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. ወሎ ረሃብ መታው፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የባቲና የቆረም መጠለያዎች ስም በዓለም ተሰማ። ልጁን በእጁ የቀበረ ሰው ዘንድ ስለ ዓላማ መናገር ምን ማለት ነው? እውነቱ ሁለት ወገን አለው። በሃይማኖት ስም “ቁጣው ነው፣ እንቻለው” ብሎ ሰውን ያስተኛ ስብከት ነበር፤ ያ ስብከት መንግሥት ረሃቡን ሲደብቅ ሳያውቀው ረድቶታል። በሌላ በኩል በዚያው በ1966 ዓ.ም. ረሃብ የተነሣ የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት የዕርዳታ ሥራቸውን ለማቀናጀት ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ያም በኋላ ክርስቲያን ሪሊፍ ኤንድ ዴቨሎፕመንት አሶሲየሽን የተባለው የብዙ ድርጅቶች ጥምረት ሆነ። እምነት ስለ መከራው ምክንያት ብዙ ሲያብራራ ብዙ ጊዜ ተሳስቷል። ውኃ የሚያመላልስ፣ እህል የሚሰፍር፣ ሬሳ የሚያነሣ ሰው ሲያሰማራ ግን የሐይቁን ወፍጮ ልማድ ይዞ ነበር። ስለዚህ ተቃውሞውን የምቀበለው ግማሹን ነው፤ መከራን በትርጉም መሸፈን በወሎ ምድር ነውር ነው፤ በመከራው መካከል ለሰው የሚሠራ ነገር መስጠት ግን ነውር አይደለም።

ዛሬ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ፣ ከየገጠሩ የመጡ ወጣቶች ወደ ስፌት መኪና ተሰለፉ። በፈረቃ የሚሠራ፣ በአንድ ክፍል ሦስት ሆኖ የሚከራይ ሰው ጽዋ ተቀብሎ ለአሥራ አምስት ሰው ጠላ የሚጠምቅበት ቦታም ጊዜም የለውም። ስለዚህ ማኅበሩ ቅርጹን እየለወጠ ነው፤ ድግሱ ወደ ወርኃዊ መዋጮ፣ ተራው ወደ ሒሳብ መዝገብ፣ ሽኝቱ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ እየዞረ ነው። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ በደሴ በኩል ወደ አምባሰል የሚተመው ሕዝብ እንደ ድሮው ብዙ ነው፤ የአንድ ቀን ጉዞ ግን የአንድ ወር አደራን አይተካም። ብር ሰጥቶ መሄድ ከወፍጮው መጅ ጋር ይስተካከላል ወይ? የሚለው የደሴና የኮምቦልቻ የማኅበር ሽማግሌዎች በየስብሰባው የሚከራከሩበት ጉዳይ ሊሆን ይገባል። በእኔ በኩል መዋጮው ራሱ አያስፈራኝም፤ ሐይቅም ጉልት ነበረው። የሚያሳስበኝ ገንዘቡን የሚቆጥረው አንድ ሒሳብ ሹም ብቻ ሆኖ ሌሎቹ የሚሸከሙት ነገር ማጣታቸው ነው። ስለዚህ ከአዳራሹ ይልቅ ተራውን ማዳን ይቀድማል፤ የፈረቃ ሠራተኛዋም ብትሆን፣ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ የታመመ ማኅበርተኛ የምትጠይቅበት ቀን በስሟ ተጽፎ ይያዝላት።